ተርብን ከታዛ ማስለቀቅ

ተርብ አራት ክንፍ፣ ክር የሚያህል ወገብና ልሙጥ መንደፊያ ያለው፣ የንብና የጉንዳን ዘመድ የሆነ በራሪ ነፍሳት ነው። ስሙ ከ«ተረብ» የሚለየው በአንዲት ፊደል ነው፤ ግብራቸውም ብዙ አይራራቅም፦ ሁለቱም ሳይታሰቡ መጥተው ይወጋሉ፣ ተወጊው ሲዘል ተመልካቹ ይስቃል። ፈጣንና ነገር ቶሎ የሚገባው ልጅ «ተርብ ነው» ሲባል ሙገሳ ነው። ተርቡ ራሱ ግን ከዚህ ሙገሳ ያተረፈው የለም፤ ታዛ ላይ ጎጆ ሲሠራ የታየ ዕለት ያለ ምስክር ይፈረድበታል። ከዚህ በታች ያለው የፍርዱ አፈጻጸም ነው።

ከሚሴ የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከመነሻው 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። ለተርብ የጎደላት ነገር የለም። ውሃውና ጭቃው ከቦርከና ወንዝ ይገኛል፤ ለወረቀት ሥራ የሚሆነው ደረቅ ሸምበቆና አገዳ ከጨፋ ረግረግና ከማሽላው ማሳ፤ ሥጋው ከአባጨጓሬ፤ ጣፋጩ ከማንጎ ልጣጭና ከሻይ ቤት ጠረጴዛ። የቆርቆሮው ጣሪያ ደግሞ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ጥላ ይሰጣል፣ ዝናብ ይከለክላል፣ ኪራይ አይጠይቅም። አውሮፓ ውስጥ ብርዱ ሲመጣ የተርብ መንደር በሙሉ ያልቅና ለከርሞ የሚተርፉት የተዳቀሉ ወጣት ንግሥቶች ብቻ ናቸው። ከሚሴ እንዲህ ያለ ረዳት የላትም፤ ጎጆ በየትኛውም ወር ይጀመራል፣ ዝናቡን ተከትሎ ቅጠልና ትል ሲበዛ ደግሞ ይበረታል። ብርድ እስኪገላግለው የሚጠብቅ ባለቤት ደሴ ወጥቶ መጠበቅ ይኖርበታል።

ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት ተከሳሹን መለየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ወገቡ ቀጥኖ የሚበር ሁሉ ተርብ ይባላል። አንደኛው ባለ ጭቃው ነው። ይህች ተርብ መንጋ የላትም፤ አንዲት እናት ብቻዋን ከቧንቧ ሥር ጭቃ እያድበለበለች ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች፣ ክፍሎቹንም በሸረሪት ትሞላለች። ሸረሪቶቹን ነድፋ ታደነዝዛቸዋለች እንጂ ወዲያው አትገድላቸውም፤ እንቁላሏን ጥላ በሩን ስትደፍን፣ በኋላ የሚፈለፈለው እጭ ያልተበላሸ ሥጋ ይጠብቀዋል። የምታሰልፈው ሠራዊት ስለሌላት ሰው ላይ አትዘምትም። በእጁ ጨብጦ ካላስጨነቃት በስተቀር ንድፊያዋን የቀመሰ ሰው ጥቂት ነው። ጭቃውን በማንኪያ ፈቅፍቆ መጣል ይበቃል፤ ባይጣልም ቤቱ ሸረሪት ይቀንሳል። ጉዳቷ ከነዳፊነቷ ይልቅ ከግንበኝነቷ ይመጣል፦ ቀዳዳ ካየች ትደፍናለች። እ.ኤ.አ. በ1996 ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ፖርቶ ፕላታ የተነሳ የቢርገንኤር ቦይንግ 757 አውሮፕላን ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል፤ መርማሪዎች የደረሱበት ምክንያት የፍጥነት መለኪያው ቱቦ መደፈን ሲሆን፣ በዋናነት የተጠረጠረችው የጭቃ ተርብ ናት። ከሚሴ ውስጥ የምትደፍነው የቁልፍ ቀዳዳ ነው።

ሁለተኛው ባለ ወረቀቱ ነው፤ ታዛ ላይ ተንጠልጥሎ ቤተሰብን በጓሮ በር የሚያስወጣው እርሱ ነው። የነፍሳት ሊቃውንት በአፍሪካ ካሉት ብዙዎቹን ቤሎኖጋስተርና ፖሊስቴስ በሚሉ ወገኖች ይመድቧቸዋል። ረጃጅም እግሮቻቸውን አንጠልጥለው ቀስ ብለው ይበራሉ። ጎጆአቸው ሽፋን የለውም፤ አፉን ወደ ታች ያደረገ፣ ዘሩ የረገፈለት የሱፍ ጭንቅላት የሚመስል ግራጫ ነገር ነው። ታዛ፣ የመጸዳጃ ቤት ጉበን፣ የመብራት ቆጣሪ ሳጥንና የሳተላይት ዲሽ ጀርባ የሚወዷቸው ሰፈሮች ናቸው።

ሦስተኛው ቀይ ቡናማው ትልቁ ተርብ፣ ቬስፓ ኦሪየንታሊስ የሚባለው፣ ሆዱ ላይ ቢጫ ቀበቶ የታጠቀ የደረቅ አገር ተርብ ነው። መሬት ውስጥ ወይም በግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይሰፍራል፣ የንብ ቀፎም ይዘርፋል። ከዚህ ጋር ጉዳይ ያለው ሰው ከዚህ ቀጥሎ የተጻፈውን ሁሉ ትቶ ራቅ ይበል፤ ልምድ ያለው ሰው ይጥራ።

ከነዚህ አንዱም ሳይሆን በሺህ የሚቆጠር፣ ጠጉራም፣ ሰም የሚሠራ ሆኖ ከተገኘ ንብ ነው፤ በኦሮምኛ ከኒሳ የሚባለው። ያኔ ነገሩ ይለወጣል። ንብ ቤት መግባቷ በረከት ነው ይባላል፤ ቁርኣን ውስጥም 16ኛው ምዕራፍ በስሟ ተሰይሟል፣ ነቢዩም ከማይገደሉት ፍጥረታት ቆጥረዋታል። ተርብ በስሙ የተሰየመ ምዕራፍ የለውም። ንብ አናቢ ተጠርቶ መንጋውን ይወስዳል፣ ባለቤቱም ማር እንዲደርሰው ይጠብቃል። ማሩ የመድረሱ ጉዳይ በንብ አናቢው ሕሊና የሚወሰን ነው።

ወደ ባለ ወረቀቱ እንመለስ፤ ምክንያቱም የሚያፈርስ ሰው የሚፈርሰውን ግንባታ ማወቅ አለበት። ተርቧ የአጥር ምሰሶ ወይም ያረጀ በር ላይ ቆማ በመንጋጋዋ ትፍቃለች፤ ቀትር ላይ ሰፈሩ ጸጥ ሲል ፍቂያው ይሰማል። ፍቃፊውን በምራቋ አላምጣ በስሱ ታነጥፈዋለች፤ ሲደርቅ ወረቀት ነው። ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ሊቅ ሬኦሙር እ.ኤ.አ. በ1719 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ፣ ወረቀት ከአሮጌ ጨርቅ ብቻ ሳይሆን ከእንጨትም ሊሠራ እንደሚችል ያመለከተው የተርብን ሥራ አይቶ ነው። አውሮፓ ምክሩን ሥራ ላይ ለማዋል ከ100 ዓመት በላይ ፈጀባት። በእኛም አገር የብራና ፋቂው የፍየል ቆዳ ወጥሮ በላቡ ሲታጠብ፣ ከራሱ በላይ ታዛው ሥር ተርቧ ወረቀቷን ታነጥፍ ነበር። ማንም አልጠየቃትም።

ጎጆው ሁሉ የተንጠለጠለው እንደ ክብሪት እንጨት በቀጠነች አንዲት እግር ላይ ነው። ይህ የቁጠባ ጉዳይ አይደለም። የተርብ ዋና ጠላት ጉንዳን ነው፤ መግቢያው አንድና ቀጭን ሲሆን ለጥበቃ ይቀላል፣ እናቲቱም እግሯን ጉንዳን በሚሸሸው ቅባት ታሸዋለች። ይህች እግር በኋላ ስለምትፈለግ አንባቢ ልብ ይበላት።

የጎጆው ነዋሪ ብዙውን ጊዜ በአሥሮች የሚቆጠር ነው፤ በወሬ ግን በሺህ ይቆጠራል። ንግሥቲቱ በመልክ ከሌሎቹ አትለይም፤ ሥልጣኗን የምታገኘው በግፊያና በንክሻ ሲሆን፣ እድር ውስጥ ያገለገለ ሰው ሥርዓቱ እንግዳ አይሆንበትም። አዋቂዋ ወገቧ ክር ስለሆነ ጠጣር ምግብ አያልፍላትም። አባጨጓሬውን አድቅቃ ለእጮቹ ታጎርሳለች፣ እጮቹም በፋንታቸው ጣፋጭ ፈሳሽ ይመልሱላታል። ጉርሻው የሁለት ወገን ነው።

የሚናደፉት ሴቶቹ ናቸው፤ መንደፊያው ጥንት የእንቁላል መጣያ የነበረ አካል ስለሆነ ወንዱ የለውም፣ ባዶ እጁን ይፎክራል። የንብ መንደፊያ እሾኻም በመሆኑ ቆዳ ውስጥ ተነቅሎ ይቀራል፣ ንቧም በዚያው ትሞታለች። የተርብ መንደፊያ ልሙጥ ነው፤ ይገባል፣ ይወጣል፣ እንደገና ይገባል። ጎጆው አጠገብ አንዷን በጫማ መጨፍለቅ ደግሞ ጥሪ ማስተላለፍ ነው፤ ከመርዙ ጋር የሚወጣው ሽታ ሌሎቹን ያስነሳል። አሜሪካዊው ጀስቲን ሽሚት ዕድሜውን በመነደፍ ያሳለፈ የነፍሳት ሊቅ ነበር፤ ሕመሙን ከ1 እስከ 4 ደረጃ ሰጥቶ ንብን 2 ላይ፣ አንዳንድ ባለ ወረቀት ተርቦችን 3 ላይ አስቀምጧል። ማይክል ስሚዝ የተባለ ሌላ ተመራማሪ ደግሞ ራሱን በ25 የሰውነት ክፍሎቹ ላይ በንብ እያስነደፈ መዝግቦ፣ ከሁሉ የከፋው የአፍንጫ ቀዳዳ መሆኑን አረጋግጧል። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2015 ሰዎችን መጀመሪያ የሚያስቅ፣ ቀጥሎ የሚያሳስብ ምርምር የሚሸለምበትን የኢግ ኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ከሚሴ ውስጥ መለኪያው አጭር ነው፦ «ኡ»፣ «ኡኡ» እና «ያ አላህ»።

እንግዲህ ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ጎጆው መነሳት አለበት ወይ የሚለው ነው። ከፍ ያለ፣ ሰው የማይደርስበት ቦታ ላይ ከሆነ መልሱ የለበትም ነው። መንደሩ ጥቂት ወራት ኖሮ በራሱ ይበተናል፤ እስከዚያው ግን ለጓሮው ጎመንና ለማሽላው አባጨጓሬ ይለቅማል። በእርሻ ላይ ተርብ ያለው ውለታ ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ኬንያ ውስጥ የአገዳ ቆርቁርን እንዲያጠፋ ሆን ተብሎ የተለቀቀው ኮቴሲያ ፍላቪፔስ የተባለ፣ ከትንኝ የማይበልጥ ተርብ፣ ድንበር ሳይጠይቅ ኢትዮጵያ ገብቶ ማሽላ ውስጥ ሥራውን ሲሠራ ተገኝቷል። ሾላም ያለ ደቂቅ ተርብ ፍሬዋ አይዳቀልም፤ የተርብ ጎጆ ለማፍረስ ሾላ እየበላ የሚሄድ ሰው ምናልባት ጥቂቱን እየበላው ነው። ነገር ግን ጎጆው የልጆች ራስ በሚደርስበት ጉበን፣ የመብራት ቆጣሪው ሳጥን ውስጥ ወይም ንድፊያ ክፉኛ አሳምሞት የሚያውቅ ሰው ባለበት ቤት ከሆነ መነሳት አለበት። የኪራይ ቤት ከሆነ ሌላ ችግር ይጨመራል፦ ጣሪያው የአከራዩ፣ ንድፊያው የተከራዩ ነው፤ ሁለቱ እስኪስማሙ ተርቦቹ ሦስት ረድፍ ክፍል ይጨምራሉ።

ጎጆው እንዲነሳ ከተወሰነ በኋላ የሚመጣው ምክር ነው። ምክሩ የሚሰጠው ከምሳ በኋላ፣ በበርጫ ሰዓት፣ ጎጆውን ከሩቅ ማየት በሚያስችል ጥላ ሥር ነው። እዚያ የተቀመጠ ሁሉ በሕይወቱ አንድ ትልቅ ጎጆ አፍርሷል፤ ያፈረሰውም ጎጆ በየዓመቱ ያድጋል። አንዱ የተርብን ቂም ያነሳል፤ ያፈረሰባትን ሰው ፊት አትረሳም ይላል። ይህ ከመሠረቱ ውሸት አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ ያለ አንድ የፖሊስቴስ ዝርያ ጓደኞቹን በፊታቸው እንደሚለይ ተጠንቷል። የተጠናው ግን የተርብ ፊት ነው፣ የጎረቤት አይደለም። ሌላው ዱላ ያቀርባል፤ ሦስተኛው «ዱላውን ለእኔ ስጡኝ፣ አያያዙን አታውቁበትም» ይልና ሳይነሳ ይቀራል። ዱላ የመጥፎ ዘዴዎች ሁሉ መጀመሪያ ነው። እግሯን በአንድ ምት ካልቆረጠ ነዋሪዎቹ የዱላውን አቅጣጫ ይከተላሉ፤ የዱላው ሌላ ጫፍ ደግሞ ሰው ጋ ነው። ዲሽ ጀርባ ላይ ሲሆን ኪሳራው እጥፍ ነው፦ ዲሹ በአንድ ጣት ስፋት ይዞርና ጎጆው ባለበት ይቀራል፣ ሥዕሉ ግን ከቴሌቪዥኑ ይጠፋል።

ቀጥሎ የሚመጣው እሳት ነው፤ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ በላምባ ነክሮ መለኮስ። ከሚሴ ውስጥ በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ አለ። የመጀመሪያው የሃይማኖት ነው፤ በእሳት መቅጣት የእሳት ጌታ ብቻ ሥልጣን መሆኑን የሚናገረው ሐዲስ የተነገረው የጉንዳን መንደር በተቃጠለበት አጋጣሚ ሲሆን፣ ከበርጫው መሐል ይህን የሚያስታውስ ሸህ አይታጣም። እ.ኤ.አ. በ855 የሞቱት የባግዳዱ ኢማም አሕመድ ኢብን ሐንበል ስለ ተርብ ተጠይቀው፣ ጉዳቱ ካስፈራ በጭስ ማባረር ችግር እንደሌለውና ከማቃጠል ጭሱን እንደሚመርጡ መናገራቸው ይተረካል። ከ1,100 ዓመት በላይ የዘለቀ ምክር ነው፤ በእሳት አደጋ መከላከል መመሪያም ላይ ቢጻፍ አያሳፍርም። ሁለተኛው ተቃውሞ የአገዳው ክምር ነው። ለከብት መኖ የተከመረ የማሽላ አገዳ አብዛኛውን ጊዜ ጎጆው ካለበት ታዛ ሁለት እርምጃ አይርቅም፤ ከጎኑም የሣር ክዳን ማድ ቤት አለ። ሠላሳ ተርብ ለማስወጣት ስምንት ቤተሰብ ማስወጣት የሒሳብ ስሕተት ነው።

ጭሱ ራሱም ሥራው በንብና በተርብ ላይ አንድ አይደለም። ንብ ጭስ ሲሸታት ቤቷ የሚቃጠል መስሏት ማሯን ለመጠቅለል ትጣደፋለች፣ ሆዷ ሲሞላ ትለዝባለች። ተርብ የሚጠቀልለው ማር የለውም። ኩበትና እርጥብ ሣር ሲጨስበት ይሸሻል እንጂ አይለዝብም፤ ጭሱ ሲያልቅ ይመለሳል። ስለዚህ ጭስ የሚጠቅመው ነዋሪው እስኪወጣ ነው፤ ጎጆው በዚያው ጊዜ ካልወረደ ቤተሰቡ ብቻ ጨሶ ይቀራል።

መርዝ በተመለከተ፣ ከሱቅ የሚገዛው የቆርቆሮ ፍሊት ይሠራል፤ ከጣሳው ላይ የተጻፈውን ማንበብና ነፋሱን ከኋላ ማድረግ ይበቃል። የማይሆነው ለእህል ጎተራ የተገዛውን ማላታይን በሃይላንድ በጥብጦ ታዛ ላይ መርጨት ነው። ከታዛው ሥር የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት በርሜል አለ፤ የተረጨው ሁሉ ወደዚያ ይወርዳል፣ በማግስቱም ቡና ይፈላበታል።

ከሁሉ የሚሻለው ከሁሉ የረከሰው ነው፦ የሳሙና ውሃ። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ላርጎ ይጨመርና ክዳኑ በተበሳ ሃይላንድ ይሞላል። ነፍሳት የሚተነፍሱት በጎናቸው ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው፤ ንጹሕ ውሃ በሰም የተቀባ ገላቸው ላይ ተንከባሎ ይወርዳል፣ ሳሙና ያለበት ግን ገላቸውን አርሶ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይገባል። ክንፉ የራሰ ተርብም አይበርም። ጊዜው ከመግሪብ በኋላ ጨለማው ሲጸና ነው፤ በዚያ ሰዓት አብዛኞቹ ከአደን ተመልሰው ጎጆው ላይ ተጣብቀዋል፣ በጨለማም መብረር ይከብዳቸዋል። ባትሪውን ግን ሠራተኛው በእጁ አይያዘው፤ የተረበሸ ተርብ ወደ ብርሃን ስለሚሄድ መብራቱ ራቅ ብሎ መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ስልክ ግንባር ላይ አስሮ መውጣትም የተመሰገነ አይደለም። ሰውየው እጅጌው የታሰረ ወፍራም ልብስ ይለብሳል፣ ራሱንና ፊቱን በነጠላ ይሸፍናል፤ ጋቢ ይሞቃል፣ ደግሞም በጋቢ እጥፋት ውስጥ የገባች ተርብ መውጫዋን ስትፈልግ ብዙ ትናደፋለች። መሰላሉን የሚይዝ ሰው መኖር አለበት፤ ያ ሰው ተርብ የማይፈራ መሆኑ አስቀድሞ መጣራት ይኖርበታል። በዚህ ሥራ አጥንት የሚሰብረው መርዙ ሳይሆን መያዣው ሮጦ የጠፋ መሰላል ነው።

የሳሙናው ውሃ ጎጆውን ሲያርሰው ነዋሪዎቹ ይረግፋሉ። ከዚያ ወፍራም ፌስታል ከሥር ተነስቶ ጎጆውን እስኪውጥ ይገፋል፣ አፉ ላይ ይጨመደዳል፣ ቀደም ሲል አደራ የተባለችው እግር በጣት ትሰበራለች። አጨብጫቢው ከመጠጋቱ በፊት ፌስታሉ ይታሰራል። መርዝ ካልተረጨበት፣ ታጥቦ ሲነጋ ለዶሮ ቢጣል እጮቹን እየለቀመች ትጨርሳቸዋለች፤ ለዓመት ስትጮህ የኖረች ዶሮ በዚያ ቀን ዝም ትላለች።

የተነደፈ ሰው ካለ ቀለበቱን ቶሎ ያወልቃል፣ ቦታውን በሳሙና ይታጠባል፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ ይይዝበታል። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጭቃ ይዞ የሚመጣ ጎረቤት አይጠፋም፤ አንዱም ግን ቀዝቃዛውን ጨርቅ አይተካም። እብጠቱ በአንድ ሁለት ቀን ይወርዳል። ንድፊያው የደረሰው አፍ ወይም ጉሮሮ ውስጥ ከሆነ፣ ወይም በደቂቃዎች ውስጥ ገላው ሁሉ ከነደደና ሽፍታ ካወጣ፣ ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ራስ ካዞረ ግን ፌጦው ይቀመጥ፤ ሰውየው ባገኘው ባጃጅ ወዲያውኑ ሆስፒታል ይድረስ። የሚያድነው የአድሬናሊን መርፌ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ቦታ የተነደፈ ልጅም፣ ደህና ቢመስል እንኳ መታየት አለበት።

ጎጆው የነበረበት ቦታ ላይ የምትቀረው የእግሯ ስባሪ በቢላዋ ትፋቃለች፣ ቦታው በሳሙና ይታጠባል፣ ቀለም ወይም ዘይት ይቀባል፤ ጣሪያውና ግድግዳው የሚገናኙበት ስንጥቅ ካለ ይደፈናል። ቢሆንም በማግስቱ ጠዋት ውጭ አድረው የቀሩ አራት አምስት ተርቦች ይመጣሉ። ቦታውን ያስታውሱታል እንጂ ምን እንደደረሰ አያውቁም፤ ባዶው ቆርቆሮ ላይ ተጠግተው ይቆማሉ፣ ይነሳሉ፣ ይዞራሉ፣ ተመልሰው ይቆማሉ። የሚጠብቁት እጭ ስለሌላቸው ንዴታቸው እንደ ትናንቱ አይደለም። ይህ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆያል። በእነዚህ ቀናት ቤተሰቡ አሁንም በጓሮ በር ይወጣል፣ የበርጫውም ጉባኤ ቀኑን ሙሉ ወደ ታዛው እያየ ተርቦቹ ማንን እንደሚፈልጉ ይከራከራል። በሦስተኛው ቀን አይኖሩም።